የሲንተሳይዘር ነገ ጣት ላይ ነው፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ፈጥሮ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ ስለ ድራም ማሽን፣ ስለ ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያዎች ነገ የመጣላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ጥያቄው ዘነበ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። ሥራዬ ጥገናና ድምፅ መሥራት ነው። ነገሩን የማየው ክዳኑን ከፍቶ እንደሚያይ ሰው እንጂ እንደ ሻጭ አይደለም። አንዳንዱ መልስ ካናደዳችሁ ተከራከሩኝ፣ ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተር ሁሉንም ከሠራ ሃርድዌር ሲንተሳይዘር ለምን ይኖራል? ከዚህ በኋላ አሥር ዓመት የሚቆይ ይመስልሃል?

መልስ፦ ይቆያል። ግን ብዙ ሰው በሚያስበው ምክንያት አይደለም።

በድምፅ በኩል ጨዋታው ካለቀ ቆይቷል። ስታይንበርግ የድምፅ ሶፍትዌር በኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበትን ቪኤስቲ የተባለ ደንብ በ1996 ሲያወጣ ኮምፒውተሮቹ አንድ ሲንተሳይዘር ለማስጮህ ያለከልኩ ነበር። ዛሬ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ደርዘን ትከፍታለህ። እንዲያውም ኮርግ ከ2020 ጀምሮ ያወጣቸውን ዌቭስቴት፣ ኦፕሲክስና ሞድዌቭን ብትከፍታቸው ሆዳቸው ውስጥ የምታገኘው ራስቤሪ ፓይ የሚባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የእነዚሁ መሣሪያዎች የሶፍትዌር ቅጂም ለብቻው ይሸጣል።

ታዲያ ሰው ሣጥኑን ለምን ይገዛል? ለማዞሪያዎቹ ነዋ! በአንድ እጅህ ፊልተሩን (የድምፁን ድምቀት የሚያጣራውን ክፍል) እየከፈትክ በሌላው ሬዞናንሱን (የማጣሪያውን ሹልነት) መቀነስ በማውስ አይሆንም። ማውስ አንድ ጣት ነው። በዚያ ላይ ሣጥኑ ማሻሻያ አይጠይቅህም፣ መልእክት መጣ ብሎ አያቋርጥህም። የምትከፍለው ለዚህ ነው። ለድምፁ ብለህ ከሆነ የምትገዛው፣ ገንዘብህን አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አናሎግ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ወሬ?

መልስ፦ አናሎግ ማለት ድምፁን በቁጥር ስሌት ሳይሆን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚሠራው ነው። ይሻላል መባሉ ድሮ እውነት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዲጂታል ቅጂዎች ወደ ላይኛው ኖታ ስትወጣ የማይጥም የቆርቆሮ ድምፅ ይቀላቅሉ ነበር። ዲጂታል ድምፅ የሚጻፈው ተቆራርጦ ነው፤ የተለመደው በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነው። የዚያን ግማሽ የሚያልፍ ድግግሞሽ ሲመጣ በትክክል ሊጻፍ ስለማይችል ወደ ታች ታጥፎ ማንም ያልተጫወተው ኖታ ሆኖ ይወጣል። አሁን ይሄ ችግር መፍትሔ አለው። ለምሳሌ በ2017 የወጣው ኖቬሽን ፒክ የተባለ ሲንተሳይዘር ኦሲሌተሮቹን (ጥሬውን ድምፅ የሚያመነጩትን ክፍሎች) በ24 ሜጋኸርዝ ፍጥነት ያሰላል፤ ከዚያ ድምፁን ለአናሎግ ፊልተር ይሰጠዋል። አናሎግ ነው ወይስ ዲጂታል? ሁለቱም ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ የሚበዛ ይመስለኛል።

ለአናሎግ የቀረለት ልዩ ነገር መወላገዱ ነው። ሲሞቅ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሁለት ኦሲሌተሮች መቼም አንድ ዓይነት አይሆኑም። እሱንም ሶፍትዌሩ እየቀዳው ነው። ከበሮና ባስ ከገባ በኋላም በጆሮዬ እለያለሁ የሚላችሁን ሰው ዓይኑን አስጨፍናችሁ ፈትኑት።

ጥያቄ፦ ኤአይ መጥቶ ዘፈኑን በሙሉ እያወጣው እኮ ነው! ስለ ሲንተሳይዘር ማውራቱ ራሱ ከንቱ አልሆነም?

መልስ፦ ሁለት ነገር ተቀላቅሏል። ያለቀ ዘፈን የሚሰጥህ ማሽን ሌላ ነው፤ የምትጫወተውን መሣሪያ የሚያሻሽል ማሽን ሌላ። እኔን የሚያገባኝ ሁለተኛው ነው።

የጉግሉ ማጀንታ ቡድን በ2017 ኤንሲንዝን አወጣ። የሁለት መሣሪያዎችን ድምፅ ወስዶ መሐል ላይ ያለ ሦስተኛ ድምፅ የሚፈጥር ነው። ሐሳቡ ድንቅ፣ ድምፁ ግን የተሻከረ ነበር። በ2020 ያው ቡድን ዲዲኤስፒ የሚባለውን ይዞ መጣ። ታዜምለታለህ፣ ቫዮሊን ሆኖ ይወጣል። የገረመኝ ውስጡ ነው። የኤአይ አውታሩ ድምፁን ራሱ አይፈጥርም፤ የምናውቃቸውን ኦሲሌተርና የተጣራ ጫጫታ ነው የሚያዘው። አዲሱ አንጎል በድሮው ማሽን ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ከዚያ በ2023 ሲንፕላንት 2 መጣ። የቀዳኸውን ድምፅ ትሰጠዋለህ፣ እሱን የሚመስል ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ) ሠርቶ ያቀርብልሃል፣ ማዞሪያዎቹን በሙሉ ላንተ ይተዋል። የምወደው ይሄኛውን ነው። ሰርቶ ዞር የሚል ረዳት።

ፍርሃቱ ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1982 የብሪታንያ ሙዚቀኞች ማኅበር የለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ይታገድ የሚል ሐሳብ ይዞ ተነስቶ ነበር። ዛሬ ሲነገር ያስቃል። ግን ሰዎቹ ከመሬት ተነስተው አልጮሁም፤ የስቱዲዮ እንጀራ የቀረበት ተጫዋች አለ። ያለቀ ዘፈን የሚያወጡት ማሽኖችም የአንዳንዱን ሰው ሥራ ይነካሉ። አይነኩም ብዬ አልዋሽህም።

ጥያቄ፦ ሚዲ 2.0 መጣ መጣ ከተባለ ዓመታት አለፉ። የት ደረሰ? የድሮውስ ምን ጎደለው?

መልስ፦ ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። የድሮው ሚዲ በ1983 ሲወለድ የታየው በሁለት ተፎካካሪዎች መሐል ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ በተደረገው ናም በሚባለው የሙዚቃ ዕቃ ትርዒት ላይ የሲኩዌንሻል ፕሮፌት-600 ከሮላንድ ጁፒተር-6 ጋር በገመድ ተያይዞ አንዱን ሲነኩት ሌላው ጮኸ። የሁለቱ አምራቾች መሥራቾች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ለዚህ ሥራ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመዋል። ይገባቸዋል። በዚህ ዘርፍ እንዲህ የቆየ ስምምነት ብርቅ ነው።

የጎደለውን በጆሮህ ስማው። ረጅም የሚዘረጋ ኮርድ ያዝ፣ ፊልተሩን ከውጭ ባለ ማዞሪያ በጣም በዝግታ ክፈት። መሣሪያው ራሱ ካላለሰለሰልህ ድምፁ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ይሰማሃል። ለተለመደው ማዞሪያ ያለው ዋጋ ከ0 እስከ 127 ብቻ ስለሆነ ነው። ፍጥነቱም በሰከንድ 31,250 ቢት ነው። አንድ ኖታ ለመላክ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በአሥር ጣትህ አንድ ላይ ብትጫን የመጨረሻው ኖታ ከመጀመሪያው ብዙ ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል። ከበሮ ላይ ይሄ ይታወቃል።

በ2020 የጸደቀው 2.0 የጣት ምቱን ኃይል ወደ 65,536 ደረጃ፣ የማዞሪያውን ደግሞ ከአራት ቢሊዮን በላይ አድርሶታል። መሣሪያዎቹም እርስ በርስ ይጠያየቃሉ፦ ማን ነህ፣ ምን ትችላለህ ይባባላሉ። ታዲያ ለምን ዘገየ? የድሮው ስላልሞተ ነው። የ1983ቱ መሣሪያ ዛሬም ከአዲሱ ጋር ይሠራል፤ የሚሠራ ነገር ለመቀየር ማንም አይቸኩልም። ለዚያ ብለህ ያለህን ሸጠህ አዲስ አትግዛ። በኮምፒውተሩና በኪቦርዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይገባል፣ አንድ ቀን እየተጠቀምክበት ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ "ለውጡ ጣት ላይ ነው" ትላለህ። ምን ማለትህ ነው?

መልስ፦ ስትጠይቁኝ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ረዘም ካደረግኩት ታገሡኝ።

ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ኖታው ከጀመረ በኋላም ሥራ ላይ ነው። ያንቀጠቅጠዋል፣ ያጎላዋል፣ ወደ ጎን ይስበዋል። የተለመደው ኪቦርድ ግን ከተጫንክ በኋላ ከአንተ የሚጠብቀው መቼ እንደምትለቅ ብቻ ነው። በመሠረቱ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ድምፁን ሕይወት ያጣ የሚያስመስለው ኦሲሌተሩ ሳይሆን ይሄ ነው።

ይሄን ያወቁ ሰዎች ድሮም ነበሩ። በ1928 ለሕዝብ የቀረበው ኦንድ ማርቴኖ ጣት ላይ በሚጠለቅ ቀለበት ኖታውን ያንሸራትት ነበር። በ1970ዎቹ የመጣው ያማሃ ሲኤስ-80 ደግሞ እያንዳንዱ ቁልፍ የጣትን ግፊት ለየብቻው ያነባል። ከአራት ኖታ ኮርድ አንዷን ብቻ ጠበቅ አድርገህ ብትጫን እሷ ብቻ ትደምቃለች። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከዚያ የያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘርና መሰሎቹ መጡ፣ ቀላልና ርካሽ ሆኑ፣ ይሄ ጥበብ ለአሥርተ ዓመታት ጥግ ያዘ።

አሁን እየተመለሰ ነው። በ2019 የወጣው ሃይድራሲንዝ የየቁልፉን ግፊት በሰው አቅም በሚገዛ መሣሪያ ላይ አመጣው። ኦስሞዝ የሚባለው ደግሞ ርቆ ሄዷል። ቁልፉን ትጫናለህ፣ ድምፁ ይወጣል፣ ከዚያ ቁልፉ ገና ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አለው፤ ወደ ግራና ቀኝም ይነቃነቃል። ስትነቀንቀው ኖታው እንደ ክር ይርገበገባል። መጀመሪያ የሚሞክረው ሰው ሁሉ አንድ ኖታ ይዞ ይቀራል፤ ኮርድ መጫወት ይረሳል።

ከጀርባው ያለው ብልሃት ኤምፒኢ ይባላል፣ በ2018 ጸድቋል። ሚዲ 16 ቻናል አለው አይደል? ድሮ አንዱን ለባስ፣ አንዱን ለከበሮ እንሰጥ ነበር። ኤምፒኢ ቻናሎቹን ለየኖታው ያድላል፤ አንዱ ለጋራው ይቀራል፣ አሥራ አምስቱ ለጣቶች። በዚህ መንገድ አንዱን ኖታ ስታጎብጠው ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። አዲስ ገመድም አልጠየቀም።

ድካሙን ግን አልደብቅም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ስህተትህንም ያጎላል። ጣትህ ካልተረጋጋ ኖታው ይዋልላል። ብዙ ሰው ገዝቶ ጥቂት ወር ያየውና ይሸጠዋል። እንደ ማንኛውም የሙዚቃ መሣሪያ ልምምድ ይፈልጋል፤ ለሲንተሳይዘር ተጫዋች ደግሞ ይሄ ያልተለመደ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፒያኖ የተጫወትኩ ሰው ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከእነዚህ አንዱን ብገዛ እጄ ይለምደዋል?

መልስ፦ ይለምደዋል፣ እርስዎ እንዲያውም ከወጣቶቹ ይቀድማሉ። ግን የቱን እንደሚመርጡ ይጠንቀቁ። ኦስሞዝ ላይ እጅዎ ቤቱን አያጣም፣ ቁልፎቹ የተለመዱት ናቸው። ሲቦርድ የሚባለው ግን ለስላሳ ጎማ መሰል ገጽ ስላለው የፒያኖ ልማድዎ መጀመሪያ ላይ ያደናቅፍዎታል። ሮጀር ሊን የሠራው ሊንስትሩመንት ደግሞ በአራት ማዕዘን መነኪያዎች የተሞላ ነው፤ አደራደሩ ለጊታር ተጫዋች ይቀርባል። ሰውዬው በ1980 ኤልኤም-1 የተባለውን ድራም ማሽን የሠራው ራሱ ነው፣ ማንነቱን ቢያውቁት ብዬ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የግድ ይሞክሩት፤ በቪዲዮ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ጁኖ-106 የሚባል የድሮ የሮላንድ ሲንተሳይዘር አለኝ። ስጫወት አልፎ አልፎ አንድ ኖታ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። ቁልፉ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ ቁልፉ አይመስለኝም። አንዱን ቁልፍ ብቻ ደጋግመህ ንካ። አንዴ ከጮኸ፣ አንዴ ከጠፋ ቁልፉ ደህና ነው። ጁኖ-106 ስድስት ድምፅ አለው፣ ማለት ስድስት ኖታ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ ኖታ በነካህ ቁጥር ተራው ይዞራል። ኪ ትራንስፖዝ የሚለውን ተጭነህ አብራው፣ መፈተሻው ይከፈታል። እያንዳንዱን ኖታ ስትነካ ስንተኛው ድምፅ እንደሆነ ቁጥሩ ይታይሃል። የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ከሆነ ሌባው ተያዘ፦ 80017ኤ የሚባለው የዚያ ድምፅ ቺፕ ነው።

ቺፑ ራሱ ሳይሆን የተሸፈነበት ጥቁር ሙጫ ነው ጠላቱ። ሲያረጅ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይጀምራል። አንዳንዶች ነቅለው አሴቶን ውስጥ ይዘፈዝፉትና ሙጫውን ይልጡታል፤ ብዙ ጊዜ ይነሳል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አዲስ ተመሳሳይ ቺፕ የሚሠሩም አሉ። ብየዳ ካልለመድክ ለሚያውቅ ስጠው፣ ሰሌዳውን እንዳታቃጥለው።

ጥያቄ፦ ዛሬ የሚሠሩት ከ40 ዓመት በኋላ እንዲህ ይጠገናሉ?

መልስ፦ አብዛኞቹ አይጠገኑም። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የ1980ዎቹ መሣሪያ ሲበላሽ ክፍሉን ለይተህ ታገኛለህ። ቺፑ ከገበያ ቢጠፋ እንኳ የሚሠራው ነገር ስለሚታወቅ ሌላ ሰው ደግሞ ይሠራዋል። ሲኢኤም3340 የተባለው የኦሲሌተር ቺፕ ዓመታት ጠፍቶ በ2016 እንደገና ማምረት ተጀመረ፤ በ2020 የወጣው አዲሱ ፕሮፌት-5 ላይም ገባ። የዛሬው መሣሪያ ግን ነፍሱ ያለው በተዘጋ ሶፍትዌር ውስጥ ነው። ዋናው ቺፕ ከሞተና ፋብሪካው ከሌለ አለቀ። በጥቅምት 2020 ጃፓን ውስጥ የኤኬኤም ቺፕ ፋብሪካ ሲቃጠል የድምፅ ዕቃ አምራቾች በየአገሩ ሲደነባበሩ አይተናል። አንድ ፋብሪካ ነው እንግዲህ።

ጥሩ ምሳሌ ግን አለ። ሚውቴብል ኢንስትሩመንትስ የተባለችው የኤሚሊ ዥሌ ሥራ የሞጁሎቿን (እየተገጣጠሙ ሲንተሳይዘር የሚሆኑ ክፍሎች) ሰርኪዩትና ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርጋ ነበር። በ2022 ሥራው ቆመ። ሞጁሎቹ ግን አልቆሙም፤ ሌሎች እየሠሯቸው፣ እያሻሻሏቸው፣ ወደ ሶፍትዌርም እያስገቧቸው ነው። አምራቾች ቢያንስ ምርት ሲያቆሙ እንዲህ ቢያደርጉ ምን ይጎዳቸዋል?

ለገዢ የምለው አጭር ነው። ለመጀመር አካውንትና ኢንተርኔት የሚጠይቅ መሣሪያ አትግዙ። የጥገና መመሪያው የሚገኝ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ኃይል ማስገቢያው የተለመደ ዓይነት ይሁን።

ጥያቄ፦ ፕለጊኖቼስ (ኮምፒውተር ውስጥ የምጭናቸው የሶፍትዌር መሣሪያዎች)? በየወሩ እየከፈልኩ ነው የምጠቀመው።

መልስ፦ ከሃርድዌሩ ቀድመው ይሞታሉ። በ2019 የማክ ካታሊና ሲወጣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራሞች በአንድ ሌሊት መከፈት አቆሙ፤ ስንት ያላለቀ ሥራ አብሮ ተዘጋ። አንድ ሥራ ስትጨርሺ እያንዳንዱን ትራክ ወደ ድምፅ ፋይል ቀይረሽ አስቀምጪ። የሚዲ ፋይሉንም አብረሽ። የድምፅ ፋይል ከሃያ ዓመት በኋላም ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ሞጁላር፣ ያ ከሞጁሎች የሚገጣጠመው ሲንተሳይዘር፣ ፋሽን ነው ያልፋል?

መልስ፦ ዲተር ደፕፈር ዩሮራክ የተባለውን የሞጁሎች መጠን ደንብ ያስጀመረው በ1995 ነው። እስካሁን ያላለፈ ፋሽን እንዴት ያለ ፋሽን ነው? ግን ኪስ ይበላል። መጀመሪያ ቪሲቪ ራክ የተባለውን የሞጁላር ሶፍትዌር በነፃ አውርድና ሙቀቱ እስኪበርድልህ ተጫወትበት።

ጥያቄ፦ ርካሽ ቅጂዎቹ ሙያውን እየገደሉት አይደለም?

መልስ፦ እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነኝ። አዲስ ነገር የፈጠረ ሰው ደክሞ ሌላው ሲቀዳበት ያናድዳል፤ በተለይ ፈጣሪው ትንሽ አምራች ሲሆን። የ1970ውን ሚኒሙግ ሲንተሳይዘር መቅዳት ግን ምኑ ያስቆጣል? የቲአር-808 ድራም ማሽንን ታሪክ አስታውሱ። ሮላንድ ከ1980 እስከ 1983 ድረስ 12,000 ያህል ብቻ ሠርቶ አቆመ፤ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ። ያገለገለው ዋጋው ሲወድቅ ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ገዙት፣ ሂፕ ሆፕና ቴክኖ በእሱ ላይ ተሠሩ። ርካሽ መሣሪያ አዲስ ሙዚቃ ከሚፈጥረው ሰው እጅ ይገባል። የምፈራው ሌላ ነው፦ ሁሉም አምራች ፊቱን ወደ ድሮ አዙሮ እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ ከ12ቱ እኩል ኖታዎች ውጭ ያለ ቅኝት መጫወት የሚችል ሲንተሳይዘር ለምን ብርቅ ሆነ?

መልስ፦ ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ለኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድግግሞሽ ቁጥር ነው፤ የፈለግከውን ቁጥር መስጠት ከምንም አይቆጠርም። በሚዲ ውስጥ የቅኝት ደንብ የገባው በ1992 ነው። አምራቾች ግን ዘለሉት። የዓረቡን ማቃም፣ የሕንዱን ራጋ፣ የኢንዶኔዥያውን ጋሜላን የሚጫወት ሰው ፒች ቤንድ (ኖታን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መቆጣጠሪያ) እያጎበጠ ይኖራል። ደስ የሚለው እየተለወጠ ነው። ኮርግ ሞኖሎግ በሚባለው ሲንተሳይዘር ላይ የራስህን ቅኝት ትጽፋለህ። በነፃ የሚገኘው ሰርጅ ኤክስቲ የተባለ ሶፍትዌር ደግሞ የቅኝት ፋይል በቀጥታ ይቀበላል። ሲገዙ "ቅኝት መቀየር ይችላል?" ብለው የሚጠይቁ ከበዙ አምራቹ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ አዲስ የድምፅ አሠራር ምን ይሆናል?

መልስ፦ ምናልባት አሁን የሆነ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጧል። ጆን ቻውኒንግ ስታንፎርድ ውስጥ ኤፍኤምን (የአንዱን ሞገድ ድግግሞሽ በሌላው እያወዛወዙ አዲስ ድምፅ መፍጠርን) ያገኘው በ1967 ነው፤ ዲኤክስ7 ሆኖ ገበያ የወጣው በ1983። የአካላዊ ሞዴል አሠራርን እይ፦ የክር ወይም የቱቦ ንዝረትን በሒሳብ መሥራት ማለት ነው። ያማሃ በ1994 ቪኤል1ን ሲያወጣ ያን ሁሉ ስሌት ተሸክሞ መጫወት የሚችለው ሁለት ኖታ ብቻ ነበር፣ ለመጫወትም በትንፋሽ መቆጣጠሪያ ቢሆን ነበር የሚያምረው። ገበያው ፊት ነሳው። አሁን ስሌቱ ቀላል ሆኗል፣ ጣትን የሚያነብ ኪቦርድም መጥቷል። ወረፋው የእሱ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ጀማሪ ነኝ። መሣሪያው እንዲህ ከተቀያየረ ምን ብማር አይባክንብኝም?

መልስ፦ ኦሲሌተር፣ ፊልተር፣ ኢንቨሎፕ (ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚጠፋ የሚወስነው ክፍል)። በቃ። እነዚህ ሦስቱ ከገቡሽ የ1970ውንም የነገውንም ትከፍቻለሽ። ቫይታል የሚባለውን የሲንተሳይዘር ሶፍትዌር በነፃ አውርጂ፣ ፕሪሴቶቹን አትንኪ፣ ከባዶ ጀምሪ። አንድ ባስ፣ አንድ ደወል፣ አንድ የንፋስ ድምፅ ሥሪ። ደወሉ ያስቸግርሻል፤ ሲያስቸግርሽ ነው የምትማሪው።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ከሆነ ይሄን መልስልኝ፦ ዲኤክስ7ዬ ባትሪ ቀይር ይላል። ብቀይረው ድምፆቼ ይጠፋሉ?

መልስ፦ ይጠፋሉ፣ ስለዚህ መጀመሪያ አውጣቸው። ፈንክሽን ላይ ሆነህ 8ን ደጋግመህ ስትጫን ሲስ ኢንፎ የሚለው ይመጣል፤ አቬይል አድርገው። ከዚያ ሠላሳ ሁለቱንም ድምፅ በሚዲ ወደ ኮምፒውተር ላካቸው። ፋይሉ መድረሱን ሳታረጋግጥ ክዳኑን አትንካ። ባትሪው ሲአር2032 ነው፣ ግን ተበይዶ ነው የሚመጣው። አሮጌውን ስታነሳ በቦታው የባትሪ ማቀፊያ በይድበት። በሚቀጥለው ጊዜ ብየዳ አያስፈልግህም።